ካራማራ ላይ የምትጠልቀው ፀሐይና የሥራ ጠረጴዛዬ

ቤትዎ ውስጥ ለሚሠሩበት ጠረጴዛ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ጠረጴዛው የት እንደቆመ ይመልከቱ

ራስ ምታቱ ቀጠሮ የያዘ ይመስል ነበር። ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ከቅንድቤ በላይ ይጀምረኛል፤ 11 ሰዓት ላይ ላፕቶፔን ዘግቼ ሶፋ ላይ እጋደማለሁ። ቢሮ በምውልባቸው ቀናት ግን የለም። ባለቤቴ «ሥራው ነው ወይስ እኛ ነን ራስሽን የምናሳምመው?» እያለ ይቀልዳል። እማዬ ደግሞ ቡና ስላሳነስኩ ነው ብላ ጀበናውን እንደገና ትጥዳለች። ሁለት ወር እንዲህ ከቆየሁ በኋላ መነጽር ሳያስፈልገኝ አይቀርም ብዬ ዓይኔን ልመረመር ሄድኩ። ባለሙያው ፊደሎቹን እስከ ታችኛው መስመር አስነበቡኝና ዓይኔ ደህና መሆኑን ነገሩኝ። ካርዱን እየሞሉ ቀና ሳይሉ «ቤት ስትሠሪ መስኮቱ በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

መልሱን ለማሰብ ጊዜ ወሰደብኝ። መስኮቱ ከጀርባዬ ነው። ጠረጴዛውን እዚያ ያስቀመጥኩት ሶኬቱ ያለው በዚያ ግድግዳ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምንም ምክንያት አልነበረኝም።

በሙያዬ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ የት ይቀመጥ፣ ብርሃኑ ከላይ ይምጣ ወይስ ከፊት ለሚለው ጥያቄ ከባልደረቦቼ ጋር ግማሽ ቀን ስብሰባ የተቀመጥኩበት ጊዜ አለ። በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት ለምቀመጥበት ቦታ ግን አምስት ደቂቃ አላሰብኩም። ጅግጅጋ ውስጥ የማውቃቸው ቤታቸው የሚሠሩ ሰዎችም እንደኔው ናቸው። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ መሥራት የጀመርነው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባና የመንግሥት ሠራተኛው ሳይቀር ቤቱ እንዲውል ሲደረግ ነው። ያኔ ለሁለት ሳምንት ብለን የምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ላፕቶፕ ዘረጋን። አንዳንዶቻችን ከዚያ ጫፍ እስካሁን አልተነሣንም።

የእኛ ፀሐይ የሌላ አገር ፀሐይ አይደለችም

ከኢንተርኔት ምክር ፍለጋ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው «ጠረጴዛዎን በሰሜን በኩል ወዳለው መስኮት ያድርጉ» የሚል ነው። ምክሩ ስህተት አይደለም፤ የተጻፈው ግን ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ቤቶች ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትቆይ የሰሜን መስኮት የረጋ፣ ዓይን የማያጥበረብር ብርሃን ይሰጣል። ጅግጅጋ ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከፍ ብላ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ታኅሣሥ ላይ የደቡብ መስኮታችሁ ጠረጴዛው ድረስ ፀሐይ የሚያስገባው ለዚህ ነው። ይህ ለጅግጅጋ ብቻ ሳይሆን ለአዲስ አበባም፣ ለድሬዳዋም ይሠራል።

ስለዚህ ለእኛ የሰሜንና የደቡብ ልዩነት ያን ያህል አያስጨንቅም። ፀሐይዋ በቀትር ከፍ ብላ ስለምትውል ትንሽ የጣሪያ ክፈፍ በሁለቱም በኩል ይመክታታል። ችግራችን ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ከ9 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ዝቅ ብላ በአግድም ትገባለች፤ የትኛውም ክፈፍ አያቆማትም። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስለሆንን፣ ሰማዩም በበጋ ወራት ደመና ስለማያውቅ ብርሃኗ ምሕረት የለውም። የቤቴ መስኮት ወደ ካራማራ ነው የሚያየው። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ እስክትገባ ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስክሪኔ ላይ መስኮቱን እንደ መስታወት እያሳየችኝ ነበር። እኔም ፊደሎቹን ለማየት ቅንድቤን ሰብስቤ፣ አንገቴን ወደ ግራ ዘንበል አድርጌ እሠራ ነበር። ራስ ምታቱ ከዚያ ነው የመጣው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልናገር፣ ምክንያቱም ማንም አልነገረኝም ነበር። የሚያጥበረብረው ሁልጊዜ ፀሐይዋ ራሷ አይደለችም። ጎረቤታችን ዘንድሮ ጣሪያቸውን በአዲስ ቆርቆሮ ቀይረዋል። ቆርቆሮው እስኪያረጅና አቧራ እስኪለብስ ድረስ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ሌላ ፀሐይ ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ የግቢ አጥርም እንዲሁ ያደርጋል። ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው በመስኮቱ የሚታይዎትን በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ቢመለከቱ ከማንኛውም የመብራት ማስታወቂያ የበለጠ ይማራሉ።

ጀርባ፣ ፊት ወይስ ጎን?

ከምርመራው እንደተመለስኩ ያደረግሁት ሌላ ስህተት ነበር። ጠረጴዛውን ገልብጬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አደረግሁ። በፎቶ የምናያቸው የሚያማምሩ የቤት ቢሮዎች ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ ላፕቶፕ፣ አበባ፣ መስኮት። ስክሪኑ ላይ የነበረው ነጸብራቅ በእርግጥ ጠፋ። ነገር ግን ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ብርሃን ከስክሪኑ እጅግ ስለሚበልጥ ዓይን ወደ አንዱ ሲያይ ይጠባል፣ ወደ ሌላው ሲመለስ ይሰፋል፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ይደክማል። በሦስተኛው ቀን ተውኩት።

የሠራልኝ ጎን ለጎን መቀመጥ ነው። ጠረጴዛው ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ዞረ፤ መስኮቱ በግራዬ ሆነ። በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ሰው ብርሃን ከግራ ሲመጣ የእጁ ጥላ በሚጽፈው ላይ አያርፍም፤ ግራኝ ከሆኑ ይገልብጡት። ልጄ በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተሰጣትን የቤት ሥራ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዓረብኛውን ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ትጽፋለች። «ለዓረብኛው ልዙር ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አያስፈልግም፤ የሚወስነው የሚጽፈው እጅ እንጂ ፊደሉ አይደለም።

ለሶኬቱ ኤሌክትሪሻን ጠርተን አዲስ መስመር አስወጣን። ኤክስቴንሽን በምንጣፍ ሥር ማሳለፍ ርካሽ ነው፤ ልጅ ባለበት ቤት ግን እንዳያስቡት። የተከራዩት ቤት ከሆነ ባለቤቱን ቀድመው ያስፈቅዱ። የእኛ አከራይ ኤዶ (ጅግጅጋ ውስጥ ትልቅ ሴትን በአክብሮት የምንጠራው እንዲህ ነው) «ግድግዳዬን ልትበሱ?» ብለው መጀመሪያ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ በኋላ ራሳቸው ቆመው ልኩን አሳዩ።

ለምዕራቡ ፀሐይ ሁለት መጋረጃ አደረግን፤ አንዱ ስስና ነጭ፣ ብርሃኑን በትኖ የሚያስገባ፣ ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ እስከ ግማሽ የሚሳብ። አቅሙና ግቢው ካለዎት ግን መከላከያውን ከውጭ ቢያደርጉት ይሻላል። መጋረጃ ብርሃኑን ቢያስቀርም ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷል፤ ከውጭ ያለ ዛፍ፣ የቀርከሃ ምንጣፍ ወይም የመስኮት መዝጊያ ሁለቱንም ያስቀራል። በሽንሌና በኤረር በኩል ያሉ ቤቶች ደጃፍ ላይ የኒም ዛፍ የሚተክሉት ለጥላ ነው፤ የቢሮ መብራት ጥቅሙም ሳይታሰብ የተገኘ ነው።

ስለ ቆላው ካነሣሁ አይቀር፣ የአጎቴ ልጅ ደወሌ ላይ በትራንዚት ሥራ ላይ ነው። እዚያ ቀን ቀን መስኮት የሚከፈተው ለብርሃን አይደለም፤ ሙቀት እንዳይገባ ተዘግቶ ይውላል። ሰነዶቹን የሚያዘጋጀው ሌሊት፣ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ነው። ለእሱ የመስኮት ምክሬ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የእሱ ጥያቄ ከዚህ በታች ያለው ብቻ ነው።

ፀሐይ ከገባች በኋላ

እዚህ አገር ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ይመሻል። ከቢሮ ተመልሶ፣ ልጆች አብልቶ፣ ሪፖርት ለመጨረስ የሚቀመጥ ሰው ሥራው ሁሉ በአምፖል ነው። በረመዳን ደግሞ የጅግጅጋ ሥራ ግማሹ ወደ ሌሊት ይዛወራል።

የብርሃን መጠን ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ በሉክስ ይለካል። ለማንበብ፣ ለመጻፍና በኮምፒዩተር ለመሥራት የአውሮፓ የሥራ ቦታ መስፈርት የሚጠይቀው 500 ሉክስ ነው። ስልኬ ላይ የብርሃን መለኪያ ጭኜ (ትክክለኛነቱ እንደ መሣሪያ ባይሆንም ለግምት ይበቃል) ምሽት 2 ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬን ለካሁ። ከ70 አላለፈም። ኮርኒሱ ላይ ያለው አምፖል ግን አዲስ ነበር፣ ክፍሉም ጨለማ አይመስልም። ምክንያቱ ርቀት ነው። ብርሃን ከምንጩ በእጥፍ ሲርቅ ጥንካሬው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ኮርኒስ ላይ ያለ አምፖል ከጠረጴዛዎ ሁለት ሜትር ይርቃል፤ የጠረጴዛ መብራት ግን 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ነው። 7 ዋት ያለው ክዳን ያለው የጠረጴዛ መብራት ስገዛ ያው መለኪያ ከ600 በላይ አሳየኝ። ስለዚህ ኮርኒሱ ላይ ትልቅ አምፖል መስቀል ገንዘብ ማባከን ነው፤ አምፖሉን ወደ ሥራው ያቅርቡት።

የኮርኒሱን መብራት ግን አያጥፉት። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ደማቅ ነጥብ ብቻ ካለ የመስኮቱ ችግር ተመልሶ ይመጣል፤ ዓይን በደማቁና በጨለማው መካከል ይመላለሳል። ቀላል መፈተኛ አለ። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ይያዙና ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ይክፈቱ። ሁለቱ ተቀራራቢ ካልሆኑ ወይ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሱ፣ ወይ የክፍሉን ይጨምሩ።

የግድግዳ ቀለምም ድርሻ አለው። ነጭ ወይም ክሬም ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ደማቅ ቀይና ቡናማ ደግሞ ይውጠዋል። የእኛ ሳሎን እንደ ብዙ የጅግጅጋ ሳሎኖች መጅሊስ ያለው፣ ወፍራም መጋረጃና ቀይ ምንጣፍ ያለበት ነው። ለእንግዳ ያምራል። ለሪፖርት ግን የመኝታ ቤቱ ጥግ፣ ግድግዳው ነጭ የሆነው፣ ይሻለኛል ብዬ እዚያ ተዛወርኩ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሲያነቡ

እዚህ ላይ በሙያዬ ልናገር፤ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሻጩ እንዲያዩት የሚፈልገው ነው፣ የሚጠቅምዎ በትንሹ ተጽፎ ጎን ላይ ነው። በትልቁ «ከ100 ዋት እኩል» ይላል። እርስዎ ሉመን የሚለውን ይፈልጉ። ሉመን አምፖሉ የሚሰጠው የብርሃን መጠን ነው፤ ዋት የሚበላው ኃይል ብቻ ነው። የድሮው 60 ዋት አምፖል 700 እስከ 800 ሉመን ገደማ ይሰጥ ነበር፤ ደህና የተሠራ 9 ዋት ኤልኢዲ ያንኑ ይሰጣል። ሉመኑ ጨርሶ ያልተጻፈበት ካርቶን ካገኙ መልሰው ያስቀምጡት።

ቀጥሎ ኬልቪን ነው። ሱቆቻችን «ነጭ» እና «ቢጫ» ብለው የሚሸጡት በቁጥር ሲገለጽ 6500 እና 3000 ኬልቪን አካባቢ ነው። በመካከል ያለው 4000 ለሥራ ጠረጴዛ ከሁሉም የተስማማ ነው፤ ጅግጅጋ ውስጥ ግን ካልጠየቁ አይሰጡዎትም። ያጡ እንደሆነ የጠረጴዛውን ነጭ፣ የክፍሉን ቢጫ አድርገው ማቀላቀል ይቻላል። እኔ እንዲያ ነው ያደረግሁት። ለደወሌው የአጎቴ ልጅ ነጩን መርጠንለታል፤ ሰማያዊ የሚያመዝንበት ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ስለሚቀንስ ነቅቶ ያድራል። በዚያው ምክንያት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝተው 12 ሰዓት ለሚነሡ ሰዎች እስከ መኝታ ድረስ ነጭ መብራት ሥር መቀመጥ አይመከርም።

ሦስተኛው በካርቶን ላይ የማይጻፈው መርገብገብ ነው። የመስመራችን ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚዋልል ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይን አያየውም፤ አንዳንድ ሰው ግን ራሱን ያመዋል። ሱቅ ውስጥ አምፖሉን አስበርተው በስልክዎ ካሜራ ቀርበው ይመልከቱት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ሲንሸራተቱ ካዩ ሌላ ይጠይቁ። ይህን ስሠራ አንድ ባለሱቅ «እህቴ፣ ፎቶ ልታነሺው ነው ወይስ ልትገዢው?» ብሎኛል። መስመሮቹን ሳሳየው ግን ቀሪዎቹን አምፖሎች አንድ በአንድ እየሞከረ አብሮኝ መረጠ።

የኃይል መዋዠቅ ለለመድን ለእኛ አንድ ጽሑፍ ተጨማሪ ዋጋ አለው። አምፖሉ ግርጌ ላይ «85-265» የሚል ቁጥር ያለበት ቮልቴጁ ሲወርድም ሲወጣም ይችላል። «220» ብቻ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አይከርምም። ሌላው የስፒናው ነገር ነው። ከዱባይ ተነሥቶ በበርበራና በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚመጣው የጠረጴዛ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒና አለው፤ ግድግዳችን ላይ ያለው ሶኬት ግን ክብ ቀዳዳ ነው። በመሃል የሚገባው ማስተላለፊያ የላላ ከሆነ ይሞቃል፤ የእኔ አንዱ ቀልጦ ሸትቶኛል። ስፒናውን በኤሌክትሪሻን ማስቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሒሳቡን ለሚወዱ፦ 9 ዋት ኤልኢዲ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 1.35 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የድሮው 60 ዋት በዚያው ሰዓት 9 ይበላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ እየተስተካከለ ስለሆነና ዋጋውም በፍጆታ መጠን ደረጃ በደረጃ ስለሚጨምር፣ ያረጁ አምፖሎችን መቀየር ቤተሰቡን ከአንዱ ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ሊያወርደው ይችላል። የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት መብራት ኃይል አሮጌ አምፖል ተቀብሎ ቆጣቢ አምፖል በነፃ ሲቀይር እናቶቻችን የተሰለፉት ይህ ገብቷቸው ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ያለው፣ ቻርጅ የሚደረግ አምፖል ይበቃል። እዚያው ፖርታ ላምፓው ላይ ይቆያል፣ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ ይቀጥላል። ብርሃኑ ከመደበኛው ስለሚያንስ ለማንበብ ሳይሆን የጀመሩትን ሥራ አስቀምጠው ለመጨረስ ነው የሚጠቅመው።

ስብሰባና ምስር

ለጠረጴዛው ለውጥ ያላሰብኩት ትርፍ የቪዲዮ ስብሰባው ነው። መስኮቱ ከጀርባዬ በነበረበት ጊዜ አዲስ አበባ ያሉት ኃላፊዎቼ የሚያዩት ጥቁር ጥላ ነበር። ካሜራው ለመስኮቱ ስለሚያስተካክል ፊት ይጨልማል። አንድ ጊዜ የሩብ ዓመቱን ዕቅድ ሳቀርብ አንዷ «ድምፅሽ ይሰማል፣ አንቺ ግን የለሽም» አለችኝ፤ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ማን እንዳዳመጠኝ እንጃ። አሁን ብርሃኑ ከግራ ፊቴ ላይ ያርፋል። ማታ ከሆነ የጠረጴዛውን መብራት ወደ ነጩ ግድግዳ አዞረዋለሁ፤ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ለስላሳ ነው።

መብራቱን ከሁሉም በላይ የፈለገችው ግን እማዬ ናት። ማታ ምስር ስትለቅም «ይሄ መብራት ደክሟል» ትል ነበር፤ እኛም ለእኛ ስለሚበቃን ነገሩን አንሰማትም። 60 ዓመት የሞላው ሰው ዓይን ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ምስሩ ውስጥ ያለውን ጠጠር ሳታየው የቀረችው በእርጅና ብቻ አልነበረም፤ በእኛ አምፖል ነው። ባለፈው ሳምንት ሪፖርት ልጨርስ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ሰፌድ ተዘርግቶ አገኘሁ። ላፕቶፔ አልጋው ላይ ነበር። «ትንሽ ቀርቶኛል፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። ሁለተኛ የጠረጴዛ መብራት ለመግዛት ቅዳሜ ገበያ እንወጣለን፤ ስልኬን ቻርጅ አድርጌያለሁ።